የቢስቲማ ሰዎች በባባ ኸሊፋ አውሮፕላን

አዛለች ተናገረች! ወላሂ ተናገረች! ኩዌት፣ አሕመዲ መሃል፣ የባባ ኸሊፋ ጋራዥ ውስጥ፣ ክራቫት ያሰረ ኢንስፔክተር ፊት፣ መጀመሪያ «ሽሽሽሽ» አለች፣ ከዛ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ በእንግሊዝኛ ስለ ንፋስ ማውራት ጀመረች። ሙሔ ደግሞ በግራም በቀኝም ጠቀሰ። ሲምረት እየዘመረች ነዳጅ ልትቀዳ ተነሳች። ሙንተሀ እዛው ሲሚንቶው ላይ ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው፣ እልልልልል! ኢንስፔክተሩ ደንግጦ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ።

እሺ ቆይ፣ ግራ ገባችሁ አይደል? አዛለች ሰው አይደለችም። ማለት ሰው ናት፣ አገር ቤት ቢስቲማ ውስጥ የሙንተሀ እናት ጎረቤት ናት፣ አሁንም በሰላም አለች፣ አሁንም የሰፈሩን ወሬ ታዞራለች። ይቺኛዋ አዛለች ግን ሽቦ ናት። የሬዲዮ ሽቦ። ሙሔም ሽቦ ነው፣ ሲምረትም ሽቦ ናት። አውሮፕላኑ ከአፍንጫው እስከ ጭራው የቢስቲማ ሰው ሞልቶታል። እንዴት እንደገቡ ስትሰሙ ትስቃላችሁ። ያን ቀን ጠዋት ግን ሳቅ በሙንተሀ አጠገብም አላለፈ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ውስጥ ተዘቅዝቃ ነበር። ጭንቅላቷ ከዳሽቦርዱ ስር፣ እግሯ ከመቀመጫው በላይ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ።

«ሙንቲ!» አለ ኃይሉ ከጋራዡ በር። ኃይሉ የቤቱ ሹፌር ነው። የኮተቤ ልጅ ነው፣ ማህቡላ የሚባል ሰፈር ከአምስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይኖራል፣ ስለማያውቀው ነገር ሁሉ አስተያየት አለው። «እግርሽ ብቻ ነው የሚታየኝ። ዋጠሽ እንዴ?»

ባትሪውን ከአፏ አወጣች። «ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው!»

«ስንት ደረስሽ?»

«ነፊሳ ጋ።»

«ነፊሳ ስንተኛ ናት?»

«አክስቴ ናት!»

ኃይሉ በሩን ተደግፎ ሳቀ። «ቱ! አውሮፕላን ይሰራል ሲባል ዕድር መስርታችሁ ቁጭ። ቆይ፣ እኔን ምነው ሳታስገቢኝ ቀረሽ? ሽቦውን ከዛኛው ጫፍ ይዤ ሦስት ቀን ሙሉ የቆምኩት እኔ!»

«አንተማ ፊውዝ ነህ። ትንሽ ሲነኩህ ትቃጠላለህ።»

«እሺ። የአቪዬሽኑ ኢንስፔክተር አራት ሰዓት ይመጣል። ለባባ ነገርሻቸው?»

እግሮቿ ብቻ ትንሽ ተወዛወዙ።

«ሙንቲ፣ አልነገርሻቸውም!»

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ አልኩህ እኮ! ትናንትም እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፣ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ደስ ላለው ሰው እንዴት ይነገራል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባባ ኸሊፋ ነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ዓመት የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ሆነው ሰርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ የኩዌት ሽማግሌ ናቸው። ሌላው ጡረተኛ ግመል ያረባል፣ ጀልባ ይገዛል። እሳቸው አውሮፕላን በካርቶን አስመጡ። እውነት ነው የምላችሁ፣ በካርቶን! ተገጣጥሞ የሚሰራ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጎን ለጎን። ገላው ጋራዥ ገባ፣ ክንፎቹ ጋራዡ አልበቃቸው ሲል እንግዳ መቀበያው ዲዋንያ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። የባባ ጓደኞች ማታ ማታ ክንፍ ስር ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ፣ አንዱ ሲነሳ ጭንቅላቱን ይመታል፣ አላህን ያመሰግናል፣ እንደገና ይቀመጣል።

ሙንተሀ ደግሞ እዚህ ቤት ስትቀጠር የተነገራት ምግብ፣ ልብስ፣ ጽዳት ነው። አውሮፕላን አልተባለም። አንድ ቀን ግን ሻይ ይዛ ጋራዥ ስትገባ ባባ መሬት ላይ ተንበርክከው በአረብኛ ቀስ ብለው ይራገማሉ። ዳዶ ወድቆ ጠባብ ቦታ ገብቶባቸዋል። እጃቸው ትልቅ ነው፣ ደግሞም ይንቀጠቀጣል። ሙንተሀ ሻዩን አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ቀጭን እጇን ሰደደችና ዳዶውን መዛ አወጣችው። ባባ ዳዶውን አዩት፣ እጇን አዩት።

«ሙንተሀ፣» አሏት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሩዙን ቶሎ ቶሎ ጨርሺ።»

በቃ። ከዛን ቀን ጀምሮ ጠዋት ቤት፣ ከሰዓት አውሮፕላን። ሽቦ መላጥ ተማረች፣ ጫፉን በፒንሳ መንከስ ተማረች፣ አሥራ ሁለት ሽቦ በአንድ ላይ በሰም ክር ማሰር ተማረች። ማሰሩንማ ከባባ በለጠቻቸው። «ሽቦ እንደ ጸጉር ነው ባባ፣ መጀመሪያ ይበጠራል፣ ከዛ ይታሰራል፣» ትላቸዋለች። እሳቸው ራሰ በራ ናቸው፣ «አንቺ ካልሽ፣» ይሏታል።

ታዲያ የአውሮፕላን ሽቦ እንደ መኪና ሽቦ ቀይ አረንጓዴ ቢጫ አይደለም። ሁሉም ነጭ ነው። አንዱ ከሌላው የሚለየው ባባ በጥቁር ቀለም በጻፉበት ቁጥር ብቻ ነው። ይሄን ልብ አድርጉልኝ።

ከወር በፊት ባባ ለዑምራ መካ ሄዱ። በዛው ቀን ማዳም ሉልዋ፣ የባባ ሚስት፣ እህቶቿ ሊመጡ ነው ብላ ቤቱን አስነሳችው። «ሁሉንም አጽጂ! ሁሉንም! ያን ጋራዥ ውስጥ ያለውን ጉድም ሳይቀር!» አለቻት። ሙንተሀ ደግሞ ስትሰራ ስትሰራ ናት፣ ግማሽ አታውቅም። ስፕሬዩን ያዘች፣ ጨርቋን ያዘች፣ አውሮፕላኑን ወለወለች። ከዛ ሆዱ ውስጥ ገባች። ነጭ ሽቦ ላይ ጥቁር ነገር አየች። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ስታጸዳ የኖረች ሴት፣ ነጭ ነገር ላይ ጥቁር ነገር ካየች እጇ ዝም ብሎ አይቆምም! አንድ በአንድ፣ ሽቦ በሽቦ፣ እየፈተገች አጠራችው። ጨርሳ ስትወጣ ሽቦው ሁሉ እንደ ሙሽራ ጥርስ ያበራል። ፈገግ አለች። ጨርቁን አየችው። ጥቁር ሆኗል።

ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ኃይሉ!» ብላ ስትጮህ ሰውየው ሰው የሞተ መስሎት ነበር።

ባባ እስኪመጡ ሦስት ቀን ቀራቸው። የሽቦው ንድፍ የተሳለበት ደብተር አለ፣ ግን እንግሊዝኛ ነው፣ መስመሩም እንደ ሸረሪት ድር ነው። ሙንተሀ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ፣ ቴስተር። የሽቦውን አንድ ጫፍ እሷ ትነካለች፣ ሌላውን ኃይሉ ይነካል፣ ጢጥ ካለ ያው ሽቦ ነው። ጢጥ፣ ይቺ የሬዲዮ ናት። ጢጥ፣ ይሄ የዲናሞ ነው። ግን የቱ ቁጥር እንደነበረ ማን ያስታውሳል? ቁጥር ደግሞ ይጠፋባታል፣ ሰው ግን አይጠፋባትም። ስለዚህ በነጭ ፕላስተር ላይ በአማርኛ፣ የማትረሳውን ጻፈች። ሬዲዮው ሁሌም የሚያወራ ስለሆነ አዛለች። ክንፎቹ እስኪገጠሙ ከገላው ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ሴት ባየ ቁጥር የሚጠቅሰው ሙሔ። የነዳጅ ፓምፑ ውሃ ስትቀዳ የምታዜመው ታናሽ እህቷ ሲምረት። ዲናሞው ቀኑን ሙሉ የሚለፋው አጎቷ ሙሀጅር። እያንዳንዱ ሽቦ መጨረሻው ተመልሶ የሚታሰርበት የኔጌቲቩ ቡሎን ደግሞ፣ እሱን ለማሰብ ሰከንድም አልፈጀባት፣ «እማ» ብላ ጻፈችበት። ሁሉም የትም ዞሮ የሚገባው እሷ ጋ ነዋ!

ማንም እንዳያጸዳው ላዩን በግልጽ ናስትሮ ለበጠችው። ባባ ሲመለሱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ከሩቅ አዩ። «ቁጥሮቹን አድሰሻቸዋል፣ ጎበዝ፣» አሏት። እሷም ዝም አለች። ያን ዝምታ ነው እስከ ምርመራው ቀን የተሸከመችው።

እና ያን ጠዋት፣ ገና ከአውሮፕላኑ ሳትወጣ፣ ባባ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተቱ ጋራዥ ገቡ።

«ሙንተሀ፣ ልቤ እየመታ ነው።»

«የኔም ባባ።»

«ዛሬ ምርመራውን ካለፍን ቲኬትሽን ነገ እቆርጣለሁ። የእህትሽ ሰርግ እሑድ አይደል? ወር ሙሉ ኢጃዛ። ቃሌ ነው።»

ሙንተሀ ሙሉ ወር ዕረፍት ሲባል ጆሮዋ ጮኸ። ያቺው ሲምረት፣ ፓምፗ ሲምረት፣ ልታገባ ነው! «ባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣» አለች በአንድ ትንፋሽ።

«ንገሪኝ።»

አየቻቸው። ጺማቸውን ተላጭተዋል፣ ጉንጫቸው ላይ ትንሽ ደም አለ፣ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ። «...ጉንጭዎ ላይ ደም አለ፣» አለች።

በነገራችን ላይ ባባን በልቧ «እርስዎ» ነው የምትላቸው፣ ማዳምን «አንቺ»። በአረብኛ ሁለቱም ያው ነው፣ ማንም አያውቅባትም።

ሦስት ሰዓት ላይ ማዳም ከወጥ ቤት ጠራቻት።

«በሩን ዝጊ።»

ዘጋች።

«ያ ነገር ዛሬ ይሰራል?»

«ኢንሻላህ ማዳም።»

«እኔ እንዲሰራ አልፈልግም።» ማዳም ሉልዋ አጭር ናት፣ ወርቅ ትወዳለች፣ ስትናገር አምባሮቿም አብረው ይናገራሉ። «ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሬ የት ሄደ ይለኛል። ይሄ ሰውዬ ሰማይ ላይ ምን ጠፍቶት ነው የሚፈልገው?»

ሙንተሀ ሳቋ መጣ፣ ዋጠችው።

«አንድ ሽቦ ንቀይልኝ። አንድ ብቻ። የቱ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ዛሬ ካልሰራ ይደክመዋል፣ ይተወዋል። የሰርጉ ቲኬት ከኔ፣ ኢጃዛሽም ከኔ፣ ሻንጣሽንም እኔ ነኝ የምሞላው።»

«ማዳም፣ ባባ ቢያውቁስ?»

«እሱ ምን ያውቃል! የሻዩን ስኳር ከቀየርኩበት ስድስት ዓመቴ ነው፣ እስከዛሬ ‹ሉልዋ፣ እንዳንቺ ሻይ የሚያጣፍጥ የለም› ይለኛል።» ሳቀች ማዳም፣ ከዛ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። «አባቴን ባሕር ነው የወሰደብኝ ሙንተሀ። በእንጨት ጀልባ፣ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ባሕሩ ዝም ብሎ ነበር ያን ቀን፣ ምንም ማዕበል የለውም። ይሄኛውን ደግሞ ሰማይ እንዲወስድብኝ አልፈልግም። ያላ፣ ሂጂ።»

ሙንተሀ ወጣች። አያችሁ አይደል ነገሩን? አውሮፕላኑ ቢሰራ ቲኬት፣ ባይሰራም ቲኬት! ሁለቱም መንገድ ቢስቲማ ይገባል። ቲኬቱ ቢሆን ችግሩ ቀላል ነበር። ችግሩ ሁለቱም ሰዎች እውነታቸውን መሆኑ ነው።

ፒንሳዋን ይዛ እንደገና ተዘቀዘቀች። ለራሷ «አንድ ብቻ፣» አለች። ግን የቱን?

አዛለችን ብትነቅል ባባ ሰማይ ላይ የሚያናግራቸው አይኖርም። አዛለችን ዝም ማሰኘት ደግሞ ቢስቲማም አልተቻለም። ሙሀጅርን? ሰባት ልጅ የሚያሳድግ ሰው! ሲምረትን በሰርጓ ሳምንት? አስተግፊሩላህ! ሙሔን ልትነቅል ፒንሳዋን ዘረጋች፣ ልጁ ቀላል ነው፣ ማንም አያዝንለትም። ግን ባለፈው ዓመት እናቷን ታማ ስትወድቅ በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሳት እሱ አልነበር? ፒንሳዋን መለሰች። አክስቷን ነፊሳን እንኳ፣ በነገር ሁሉ የምትቆጣውን፣ መንካት አልቻለችም። ስም ባትሰጣቸው ኖሮ ሽቦ ነበሩ። አሁን ሰው ሆነውባታል።

በዚህ መሃል ክርኗ የኔጌቲቩን ቡሎን ነካው። ቡሎኑ ጠቅ አለ።

እማ ላልታ ነበረች! ዳዶው በጣት ይዞራል። ያን ቀን ስትፈትግ እሷ ራሷ አላልታው ይሆናል፣ ወይ ራሱ ላልቶ ይሆናል፣ አላህ ነው የሚያውቀው።

እዛው ተዘቅዝቃ ቀረች። ደም ወደ ጭንቅላቷ ይወርዳል። ምንም መንቀል እኮ አያስፈልጋትም! ዝም ብላ ብትወጣ በቃ። እማ ከላላች ማንም አይሰራም፣ አዛለችም አታወራም፣ ሙሔም አይጠቅስም። እጇ ንጹሕ ነው። ማዳም ደስ ይላታል፣ ባባ በሕይወት ይኖራሉ፣ ሰርጉም ይደርሳል። አላህ ራሱ የላከላት እስኪመስላት ድረስ።

ግን ባባ መጀመሪያ ቀን ያስተማሯት ነገር ጆሮዋ ላይ መጣ። «የተነቀለ ሽቦ ሰው አይገድልም፣ ማብሪያውን ስትጫኚ ወዲያው ይታወቃል። የሚገድለው የላላ ነው። ዛሬ ይነካል፣ ይሰራል፣ ትስቂያለሽ። ከዛ አየር ላይ ይለቃል።»

ዛሬ ቢነካስ? ዛሬ ቢሰራስ?

«ኃይሉ!» አለች ከሆዱ ውስጥ። «አሥር ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ!»

«ምን ሆነ?»

«እማ ላልታለች!»

«ወይኔ፣ ደውለውልሽ ነው?»

«አቀብለኝ አልኩህ!»

ቁልፉን ተቀበለች፣ እስኪያንቃት ድረስ አጠበቀችው፣ በጣቷ ሞከረችው፣ ንቅንቅ የለም። ከዛ ሳታስበው ሳመችው። ቡሎን ሳመች! ጣዕሙ እንደ ሳንቲም ነው።

ኢንስፔክተሩ ልክ አራት ሰዓት መጣ። ሚስተር ኩሪያን ይባላል፣ የሕንድ፣ የኬረላ ሰው ነው፣ ኩዌት ሃያ ስምንት ዓመት ኖሯል፣ በዛ ሙቀት ክራቫት አስሯል። አልሳቀም፣ ሻይ አልተቀበለም። አጎነበሰ፣ መብራት አበራ፣ ቁና ቁና ተነፈሰ።

«ሰር ኸሊፋ፣» አለ በእንግሊዝኛ። «ይሄ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው?»

«የቱ?»

«ሽቦዎቹ ላይ የተጻፈው።»

ባባ መነጽራቸውን ፈለጉ። ኃይሉ በጣቱ ግንባራቸውን አሳያቸው። አወረዱት፣ አጎነበሱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ሙንተሀ በዚህ መሃል ጣራውን፣ ወለሉን፣ ኃይሉን፣ እንደገና ጣራውን አየች።

«ሙንተሀ፣» አሉ ባባ ቀስ ብለው። «ቁጥሮቼ የት ሄዱ?»

«አጸዳኋቸው ባባ።»

«አጸዳሻቸው።»

«እድፍ መስለውኝ! ዑምራ ሄደው ሳለ። ማዳም ሁሉንም አጽጂ ስትለኝ። ወላሂ ባባ ልነግርዎት ነበር፣ በየቀኑ ልነግርዎት ነበር፣ ግን በቴስተር አንድ በአንድ ፈትሼ መልሻቸዋለሁ፣ ኃይሉ ምስክሬ ነው፣ አንድም አልተሳሳትኩም!»

«እኔ ጫፉን ብቻ ነው የያዝኩት፣» አለ ኃይሉ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

ሚስተር ኩሪያን ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። «በዚህ መልክ ማሳለፍ አልችልም። ማንም ሊያነበው የማይችል—»

«እሷ ታነበዋለች፣» አሉ ባባ። «ጠይቃት።»

ኢንስፔክተሩ ተነፈሰ። እጁን ከዳሽቦርዱ ስር ሰዶ ዝም ብሎ አንዷን ያዘ። «ይቺ?»

«አዛለች ናት፣» አለች ሙንተሀ። «የሬዲዮ ናት። ጎረቤታችን ናት፣ ቀኑን ሙሉ ታወራለች።»

ባባ ተረጎሙለት። ሰውየው ደብተሩ ላይ ያለውን ንድፍ አየ። ልክ ነው። ሌላ ያዘ። «ይሄ?»

«ሙሀጅር ነው። አጎቴ ነው። ዲናሞው። ቀኑን ሙሉ ይሰራል፣ ሲሰራ ያጉረመርማል።»

ልክ ነው።

«ይቺስ፣ ሁለት ጊዜ የታሰረችው?»

«ነፊሳ፣ አክስቴ! ወደ ማሞቂያው የምትሄደው። ቶሎ ትግላለች። አጥብቄ ያሰርኳት ለዛ ነው።»

ሚስተር ኩሪያን አፉ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ዞረ፣ እንዳታይ ጀርባውን ሰጣት፣ ሁለት ሽቦ ከማብሪያቸው ፈትቶ ቦታ አቀያየራቸው። «አሁን እይው። ትክክል ነው?»

ሙንተሀ አጎንብሳ አየች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እንዴ! ሙሔን ሲምረት ቦታ አስገባኸው! እጮኛዋ ቢያይ ይገድለዋል!»

ባባ ይሄን ሲተረጉሙ መጨረስ አቃታቸው። ሳቅ ሆዳቸውን ይዞ አስጎነበሳቸው። ሚስተር ኩሪያንም በቃ ተሸነፈ፣ ክራቫቱን ፈታ አደረገ፣ «ሻዩ አሁንም አለ?» አለ። ሙሔ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባባ ዋናውን ማብሪያ እንዲጫኑ ተነገራቸው፣ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፣ ሙንተሀ ጣቷን ጣታቸው ላይ አድርጋ አብረው ተጫኑት።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። አዛለች የአየር ማረፊያውን የንፋስ ወሬ ተናገረች፣ ሙሔ ጠቀሰ፣ ሲምረት ዘመረች። እልልልል!

እልልታው ሲያልቅ ሙንተሀ ቀና ስትል ማዳም ሉልዋ በሩ ላይ ቆማለች። አልተቆጣችም። አምባሮቿ እንኳ ዝም ብለዋል። ባሏን አየችው፣ ሙንተሀን አየቻት፣ ዞራ ገባች።

ሚስተር ኩሪያን ፈረመ፣ ግን ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ ስሞቹ ሁሉ በአረብኛና በእንግሊዝኛ በዝርዝር ይጻፉ፣ ሌላ ሰው እንዲያነባቸው። ሁለተኛ፣ ሞተሩን የሚያጠፋው ቁልፍ በባባ በኩል ብቻ ነው፣ ሌላ ሁለተኛ ማጥፊያ ይግባ፣ ባባ አንድ ነገር ቢሆኑ ሌላ እጅ የሚደርስበት ቦታ። ከዛ በፊት አይነሳም። ሲሄድ ሙንተሀን «ባሽ መሐንዲሳ»፣ ዋና ኢንጂነሯ፣ ብሎ ተሰናበታት፣ ኃይሉ ደግሞ እስከ ማታ በዛ ስም ጠራት።

በማግስቱ ከሰዓት ባባ ማጥፊያዋን፣ ቀይ ትንሽ ነገር ናት፣ መዳፏ ላይ አደረጉላት። ቲኬቷም ኪሷ ውስጥ ነው፣ ሐሙስ ማታ ነው በረራው። «ቀዳዳውን የት እንደምትበሺው አንቺ ምረጪ፣» አሏት። «ከመሃል ካልሽ መሃል፣ ከኔ ቁልፍ ጎን ካልሽ ከጎኑ። አንዴ ከተበሳ መመለሻ የለውም።» የአስር ሶላት ሊሰግዱ ወጡ።

ሙንተሀ መሰርሰሪያውን ይዛ ቁጭ እንዳለች ማዳም ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ! ጋራዡ ውስጥ እግሯን አስገብታ አታውቅም ነበር። ሻይ ይዛለች፣ ለራሷ።

«አልሰማሽኝም፣» አለች።

«አልሆነልኝም ማዳም። ልነቅል ገብቼ ነበር፣ ወላሂ። ሁሉም ሰው ሆኑብኝ።»

«ሰምቻለሁ። ጎረቤትሽ፣ አጎትሽ፣ አክስትሽ።» ሻይዋን ቀመሰች። «እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም።»

ሙንተሀ ስትሰማው አፈረች። ሰፈሩን በሙሉ ስታስገባ፣ ሦስት ዓመት አብራት የኖረችው ሴት ትዝ እንኳ አላለቻትም።

«ይቺ ምንድን ናት?» ማዳም ቀዩዋን አየች።

«ማጥፊያ ናት። ባባ ሰማይ ላይ ቢታመሙ፣ ወይ አልወርድም ካሉ፣ ሌላ ሰው ይጫናታል። ሽቦው ከእማ ጋር ይነካካል፣ ሞተሩ ዝም ይላል። ከዛ እንደ ወረቀት እየተንሳፈፈ ይወርዳል፣ ባባ ያሳርፉታል።»

«አንድ ጣት ይበቃል?»

«አንድ ጣት።»

ሙንተሀ ዳሽቦርዱን አየች። መሃል ቢሆን ያምራል። በባባ በኩል ቢሆን ሁሉም ነገር እጃቸው ላይ ነው፣ ባባም ይሄን የሚጠብቁ ይመስላል። ሐሙስ ትሄዳለች፣ ወር ሙሉ እዚህ የለችም፣ ከሄደች በኋላ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አታውቅም።

መሰርሰሪያውን አስነሳች። በቀኝ በኩል፣ እስከ ጥግ፣ የተሳፋሪው መቀመጫ ፊት በሳችው! ከባባ መቀመጫ ተዘርግተው እንኳ የማይደርሱበት ቦታ። ብናኙን እፍ አለች፣ ልማድ ነው፣ በጨርቅ ወለወለች፣ ማጥፊያዋን አስገባች፣ በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች፣ ናስትሮውን ለበጠችበት።

«ምን ይላል?» አለች ማዳም አንገቷን አስግጋ።

«ሉልዋ ይላል።»

አምባሮቹ ተንኳኩ። ማዳም ጽሑፉን በጣቷ ነካችው፣ አንድም ፊደል አታውቅም፣ ግን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደችበት።

«ለመጫን ግን፣» አለች ሙንተሀ ቀስ ብላ፣ «አብረሽው መቀመጥ አለብሽ። ከመሬት አይሰራም።»

በዚህ መሃል ባባ ከሶላት ተመለሱ። ቀዳዳውን አዩት፣ ወደ ራሳቸው መቀመጫ ለኩት፣ ግራ ገባቸው። «ይሄን ያህል ርቆ? ማን ሊደርስበት?»

ማዳም ሉልዋ ሻይዋን ለሙንተሀ አቀበለቻት፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ እጇን ወደ ቀኙ መቀመጫ ሰደደች፣ ቀበቶውን ይዛ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገችው፣ ሥጋ ቤት ሥጋ እንደምትመርጥ።

«ኸሊፋ፣» አለች፣ «ይሄ ቀበቶ ይጠብቃል?»

እሺ አሁን ሳቁን ተዉትና ንገሩኝ። መሰርሰሪያው እናንተ እጅ ላይ ቢሆን፣ አንዴ ከተበሳ ደግሞ መመለሻ ከሌለው፣ እናንተ ብትሆኑ ያቺን ቀዳዳ በማን በኩል ትበሷት ነበር?